ከናሙናው እስከ ሠንጠረዡ፦ የሥነ ሕይወት ላቦራቶሪ ዳታና ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መርሐ ግብር በቃል የቀረበ ሲሆን፣ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል። ከተሰብሳቢዎች የቀረቡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በመጨረሻ ተካተዋል።)



ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ ቃል ልናገር። «መረጃ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ነገሮችን አቅፎ ይዟል፤ መሣሪያው የለካውን ጥሬ ቁጥርና ከዚያ ቁጥር ተተንትኖ የተገኘውን ዕውቀት። በዛሬው ንግግር ሁለቱን መለየት ስላለብኝ ጥሬውን «ዳታ» እያልሁ እጠራዋለሁ፤ የቋንቋ መምህራን ይቅርታ ያድርጉልኝ። በላቦራቶሪዎቻችን መረጃው እምብዛም አይጠፋም፤ በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። የሚጠፋው መረጃው የተወለደበት ዳታ ነው። እርሱ በተመራቂው ፍላሽ ወይም በተበላሸ ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ በዚያው ርእስ ላይ የሚሠራ ሌላ ተማሪም ከዜሮ ይጀምራል።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ ነው እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 «ከረንት ባዮሎጂ» በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ልጥቀስ። አጥኚዎቹ የዕፅዋትንና የእንስሳትን አካላዊ ቅርጽ በመለካት የተሠሩ፣ ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 22 ዓመት የሆኑ 516 ጽሑፎችን መረጡ፤ ለጸሐፊዎቹም ዳታውን እንዲልኩላቸው ጻፉ። ጽሑፉ አንድ ዓመት ባረጀ ቁጥር፣ ዳታው እስከ ዛሬ የመቆየቱ የዕድል ምጥጥን በ17 በመቶ እየቀነሰ ሲሄድ አገኙት። አንዳንዱ ኢሜይል አድራሻ አይሠራም፤ አንዳንዱ ዳታ ዛሬ ማንበቢያ በሌለው ዲስክ ላይ ተቀምጧል፤ የቀረው ደግሞ የት እንደ ገባ ባለቤቱም አያውቅም።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። የሥነ ሕይወት ዳታ ዋጋ የሚኖረው፣ በሠንጠረዡ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ከየትኛው ናሙና እንደ መጣ ወደ ኋላ ተከትሎ መድረስ ሲቻል ነው። ያ መንገድ ከተቋረጠ ቁጥሩ የቱንም ያህል በጥንቃቄ የተለካ ቢሆን ባለቤት የሌለው ቁጥር ሆኖ ይቀራል። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርን የምመክረውም ዋነኛው ምክንያት በነጻ መገኘቱ ሳይሆን፣ ይህን መንገድ ገልጦ ለማሳየት የተሻለ መሆኑ ነው።

እስቲ አንድ ተራ የሥራ ቀን እናስብ። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ከ94 የጤፍ መስመሮች ቅጠል ወስዳ ዲኤንኤ ታወጣለች፤ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይም ታስቀምጠዋለች። ፕሌቱ ከኤ እስከ ኤች የተሰየሙ 8 ረድፎችና 12 ዓምዶች አሉት። በቀሩት ሁለት ጉድጓዶች ዲኤንኤ የሌለበት ባዶ መቆጣጠሪያ ታደርጋለች። ፕሌቱ ወደ ፒሲአር መሣሪያው ሲገባ ዞሮ ቢገባስ? ኤ1 ላይ የነበረው ናሙና ኤች12 ላይ ይነበባል፤ ኤች12 የነበረውም ኤ1 ላይ። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ቁጥሮቹም ትክክለኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ግራፉም ያማረ ይሆናል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቁጥር በሌላ መስመር ስም ተጽፏል።

ይህች ተማሪ ሁለቱን ባዶዎች ለቅርጹ ውበት ስትል በሁለቱ ተቃራኒ ማዕዘኖች፣ በኤ1 እና በኤች12 ብታስቀምጣቸው፣ ፕሌቱ ቢዞርም ባዶዎቹ ባዶ ሆነው ይገኛሉ፤ ስሕተቱንም ማንም አያየውም። በኤ1 እና በቢ1 ብታስቀምጣቸው ግን ፕሌቱ በዞረ ጊዜ ባዶዎቹ በኤች12 እና በጂ12 ይታያሉና ወዲያው ትነቃለች። የዳታ አያያዝ የሚጀምረው ኮምፒዩተር ከመከፈቱ በፊት ነው የምለው ለዚህ ነው። የፕሌቱ ካርታ ናሙናዎቹ በሚቀመጡበት ሰዓት መጻፍ አለበት፤ ማታ ቤት ገብቶ በትዝታ የሚሞላ ሰነድ አይደለም።

ከፕሌት ወደ ሠንጠረዥ ሲሻገር የሚደርሰው ጥፋት ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ፤ ጥቂት ብቆይበት አይቆጨኝም። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 «ኔቸር ሜዲስን» ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ የካንሰር ሕዋሳትን የጂን እንቅስቃሴ በመለካት የትኛው የኬሞቴራፒ መድኃኒት የትኛውን ታካሚ እንደሚረዳ አስቀድሞ መተንበይ ይቻላል አሉ። ትልቅ ተስፋ ነበር። በሂዩስተን በሚገኘው የኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ኪት ባገርሊና ኬቨን ኩምብስ ውጤቱን ለመድገም ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ከታተመው የጂን ዝርዝር ተነሥተው ወደ ኋላ ሲመረምሩ፣ የጂኖቹ ስም ከቁጥሮቻቸው በአንድ ረድፍ ተንሸራትቶ አገኙት። በሌላም ቦታ «መድኃኒቱ ይሠራባቸዋል» እና «መድኃኒቱን ይቋቋማሉ» የሚሉት መለያዎች ተገለባብጠው ነበር። በሠንጠረዥ ላይ ይህ የሁለት ቃላት መለዋወጥ ነው፤ ሐኪም ቤት ሲደርስ ግን ለታካሚ የማይረዳውን መድኃኒት መምረጥ ይሆናል። ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። በዚህ ዘዴ ላይ ተመሥርተው ታካሚዎችን መቀበል የጀመሩት ሦስት የክሊኒክ ሙከራዎች በ2010 ተዘጉ፤ ብዙዎቹ ጽሑፎችም ተሰረዙ።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ሐቀኝነት ጽሕፈት ቤት ከተመራማሪዎቹ አንዱ ዳታን ማጭበርበሩን ወሰነ። ታዲያ የተንሸራተተው ረድፍ ተንኮል ነበር ወይስ ቅን ስሕተት? ከሠንጠረዡ ብቻ ተነሥቶ ይህን መለየት አይቻልም። ከጥሬው ዳታ እስከ ውጤቱ ያለው መንገድ ሳይመዘገብ ሲቀር ቅን ስሕተትና ተንኮል አንድ መልክ ይይዛሉ። ተማሪዎች ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ፤ በሥርዓት የተያዘ መዝገብ በመጀመሪያ የሚጠብቀው ሐቀኛውን ሰው ነው።

ስለ ኤክሴል ብዙ ስለተባለ በአጭሩ ልለፈው። ማርች1 እና ሴፕት2 የተባሉ የሰው ጂኖች ነበሩ፤ ኤክሴል የእንግሊዝኛ ወራት ናቸው ብሎ ወደ ቀን ይለውጣቸው ነበር። ችግሩ እ.ኤ.አ. በ2004 በጽሑፍ ተገልጿል፤ ሆኖም በ2016 የወጣ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ ይህ ስሕተት እንዳለባቸው አሳየ። በመጨረሻ የተለወጠው የጂኖቹ ስም ሆነ፤ በ2020 የሰው ጂኖችን ስያሜ የሚወስነው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ማርች1ን ማርችኤፍ1፣ ሴፕት2ን ሴፕቲን2 አለው። ሳይንስ ለአንድ የቢሮ ሶፍትዌር ስም ቀየረ ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ይህን ራስ-ሰር ለውጥ ማጥፋት የሚያስችል ምርጫ የጨመረው በ2023 ነው። በዚያው በ2020 በእንግሊዝ 15,841 የኮቪድ-19 ውጤቶች በጊዜው ሳይቆጠሩ ቀሩ፤ ምክንያቱም የቀድሞው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። ለፍትሕ ያህል ግን ቀን የመሰለውን ጽሑፍ ወደ ቀን መለወጥ የኤክሴል ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ክፍት ምንጭ የሆነው ሊብሬኦፊስም ይህ ጠባይ አለው። በሁለቱም መፍትሔው ዓምዱን ከመሙላት በፊት «ጽሑፍ» ብሎ መወሰን ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በውጭ አገር የሚታተሙ የዳታ አያያዝ መመሪያዎች የማያነሷቸው፣ እኛ ግን በየቀኑ የምንኖርባቸው ነገሮች አሉ፤ የዘመን አቆጣጠራችን፣ የሰዓት አቆጣጠራችንና ፊደላችን።

በናሙና ቱቦ ላይ 03/04/2015 የሚል ጽሑፍ አያችሁ እንበል። የመስክ ባለሙያው ታኅሣሥ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ ይህም በጎርጎርዮሳዊው ዲሴምበር 12 ቀን 2022 ነው። በእንግሊዝ ልማድ የተስተካከለ ኮምፒዩተር ግን ኤፕሪል 3 ቀን 2015 ብሎ ያነበዋል፤ በአሜሪካ ልማድ የተስተካከለው ማርች 4 ቀን 2015 ይለዋል። አንዱም ቅሬታ አያሰማም። የወባ ትንኝ ለሚያጠና ሰው ታኅሣሥና ሚያዝያ አንድ ወቅት አይደሉም፤ የዝናቡ ሁኔታ ሌላ፣ የትንኙም ቁጥር ሌላ ነው።

ጳጉሜን ደግሞ የባሰ ነው። 05/13/2015 ተብሎ የተጻፈው ጳጉሜን 5 ቀን 2015፣ ማለትም ሴፕቴምበር 10 ቀን 2023፣ በአሜሪካ ቅንብር ሜይ 13 ቀን 2015 ሆኖ ይቀመጣል፤ ስምንት ዓመት ያህል ወደ ኋላ። በእንግሊዝ ቅንብር ግን አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማይታወቅ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ግራ የገባው ኮምፒዩተር በልበ ሙሉነት ከሚሳሳት ኮምፒዩተር ይሻላል።

የምመክረው ሁለት ዓምድ መያዝ ነው። በአንደኛው በቱቦው ላይ የተጻፈው ቀን እንዳለ፣ በጽሑፍነቱ ይገለበጣል፤ አይታረምም፣ አይሰረዝም። በሁለተኛው ዓለም አቀፉ መለኪያ በሚያዘው መሠረት ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል 2022-12-12 ተብሎ ይጻፋል። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የሚለውጠው እጅ ሳይሆን በአር ወይም በፓይተን የተጻፈ አጭር ስክሪፕት ይሁን። ስክሪፕቱ ከተሳሳተ በአንድ ዓይነት መንገድ ይሳሳታልና ታግኝቶ በአንድ ጊዜ ይታረማል፤ እጅ ግን በየረድፉ የተለየ ስሕተት ይሠራል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በደብተራችን «3 ሰዓት» ብለን የጻፍነውን የባክቴሪያ እድገት ንባብ መሣሪያው በፋይሉ ላይ 09:00 ብሎ መዝግቦታል። ሌሊቱን ሙሉ በየሰዓቱ ንባብ የሚወስድ ተማሪ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የማታውን ቀን ሲጽፍ፣ መሣሪያው ከአንድ ሰዓት በፊት ቀኑን ቀይሯል። ደብተሩና ፋይሉ ሲነጻጸሩ አንድ ቀን ይጎድላል ወይም ይተርፋል። በየሠንጠረዡ ራስጌ «ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው» የምትል አንዲት መስመር መጻፍ ብዙ ክርክር ታስቀራለች።

ፊደልን በተመለከተ፣ ሐረርና ሀረር ለእኛ አንድ ከተማ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ናቸው። ጅማና ጂማ፣ መቐለና መቀሌ እንዲሁ። ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፣ ናዝሬትና አዳማ ደግሞ ስማቸው በመለወጡ ምክንያት በአሮጌና በአዲስ መዝገብ ተለያይተው ይገኛሉ። ናሙናዎችን በቦታ ቆጥሮ ለማጠቃለል የተነሣ ተማሪ አንዱን ከተማ ሦስት ጊዜ ሊቆጥር ይችላል። ስለዚህ የቦታ ስም በነጻ እጅ አይሞላ፤ አስቀድሞ ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመረጥ፤ ከጎኑም ኬክሮስና ኬንትሮስ ይጻፍ። የእስያዋ የወባ ትንኝ አኖፌለስ ስቴፈንሲ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር በተሰበሰቡ ናሙናዎች ነው። ያ ግኝት ክብደት ያገኘው የናሙናዎቹ ቦታና ዘመን በመታወቁ ነው፤ በቱቦዎቹ ላይ «ምሥራቅ ኢትዮጵያ» የሚል ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ማንም ተነሥቶ ያንን ከተማ ሊቃኝ አይችልም ነበር።

የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ የተሞላ ሠንጠረዥ ዛሬ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ፋይሉ ግን በዩቲኤፍ-8 መቀመጥ አለበት፤ ካልሆነ ስሞቹ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው ይከፈታሉ፣ ያ ፋይል በላዩ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ የመጀመሪያው አይመለስም።

ከዚህ በኋላ የናሙናው መለያ ይመጣል። መለያ ትርጉም እንዲሸከም አታድርጉት። ቦታውን፣ ዓመቱንና የሰብሳቢውን ስም በአንድ ኮድ ውስጥ ማጨቅ ብልኅነት ይመስላል፤ ቦታው በስሕተት እንደ ተመዘገበ በታወቀ ቀን ግን መለያውን ልንቀይር ነው ወይስ ውሸት እንደ ያዘ ልንተወው? ተከታታይ ቁጥር ይበቃል። ትርጉሙ በሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ ቁጥሩ በቱቦው ላይ፣ በፍሪዘሩ ሣጥን ላይ፣ በፋይሉ ስምና በደብተሩ ገጽ ላይ ያው ይሁን።

መሣሪያዎቹን በተመለከተ ሁሉንም ልዘረዝር አልፈልግም፤ ዝርዝር በየትም ይገኛል። ለአነስተኛ ላቦራቶሪ በቅድሚያ የምመርጠው ኤስኪውላይት የተባለውን ዳታቤዝ ነው። ሰርቨር አያስፈልገውም፤ ዳታቤዙ በሙሉ አንድ ፋይል ነው። ኮዱ የማንም ንብረት እንዳይሆን ለሕዝብ የተለቀቀ ነው፤ ሠሪዎቹም እስከ 2050 ድረስ ሊደግፉት ቃል ገብተዋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለዳታ ማቆያ ከሚመክራቸው የፋይል ዓይነቶችም አንዱ ነው። ከኤክሴል የሚለይበት ዋና ነገር ሕግ ማስከበሩ ነው፤ «ናሙናው ያልተመዘገበ ልኬት አትቀበል» ብላችሁ ስታዙት እሺ ይላል፣ ከዚያም ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደክሟችሁ ስትሳሳቱ እምቢ ይላችኋል።

ለላቦራቶሪ ደብተርነት ኢላብ ኤፍቲደብሊው የተባለው የፈረንሳይ ሥራ አለ፤ ሙከራውን፣ ያገለገሉትን ኬሚካሎችና ናሙናዎቹን ያያይዛል፣ ያለቀውን ገጽም ይቆልፋል። የማይክሮስኮፕ ምስል ለሚያነሡ ደግሞ ከስኮትላንዱ የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ የተነሣው ኦሜሮ አለ። የማይክሮስኮፕ ፋብሪካዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የፋይል ዓይነት ስለሚፈጥሩ፣ ከኦሜሮ ጋር የሚሠራው ባዮ-ፎርማትስ ከ150 በላይ ዓይነቶችን ማንበብን ተምሯል። ፋብሪካው ቢዘጋ ምስሉ ይከፈታል ማለት ነው። ለትንታኔ አር አለ፤ በኒው ዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የጀመሩት። ስክሪፕቶች እንዴት እንደተለወጡ ለመያዝ ጊት አለ፤ ለከባድ ምስሎች ግን ጊትን አትጠቀሙ፣ ለዚያ አልተሠራም።

አሁን «ክፍት» ወደሚለው ቃል ልምጣ። ክፍት ምንጭ ማለት ዋጋ የሌለው ማለት አይደለም። ለምሳሌ በሕክምና ጥናት የታወቀው ሬድካፕ ለአባል ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ክፍት ምንጭ ግን አይደለም፤ ኮዱን ለውጦ ለሌላ ማካፈል አይፈቀድም። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ስሙን ግን በትክክል እንጥራው። ልዩነቱ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጤና ሚኒስቴራችን በአገር አቀፍ ደረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚሠራ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው፤ በቅንብሩ ውስጥም የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ይገኛል። ጳጉሜንን የሚያውቅ ሥርዓት! ኮዱ ክፍት በሆነበት ቦታ የአንድ አገር የቀን መቁጠሪያ የገበያ ጥያቄ መሆኑ ይቀራል፤ የጎደለውን ጎደለ ያለው ሰው ሊጨምረው ይችላል።

በአንጻሩ በሰፊው የተለመደው፣ የውድ ሶፍትዌርን ክራክ አውርዶ መጠቀም ነው። ስለ ሕጉ ሌሎች ይናገሩ፤ እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማን እንደ ነካካው በማይታወቅ ፕሮግራም የተሠራን ትንታኔ በዘዴ ክፍሉ ላይ እንዴት አድርገን እንጽፈዋለን? ፈታኙ «ልድገመው» ቢል ምን እንሰጠዋለን?

ክፍት ምንጭም ከስሕተት ነጻ አይደለም። የአር 3.6.0 እትም እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ በዕጣ ናሙና የሚመርጠው ስልት ተሻሽሎ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ያው ስክሪፕት፣ በዚያው የመነሻ ቁጥር፣ በቀድሞውና በአዲሱ እትም የተለያየ ዕጣ ያወጣል። ለውጡ ትክክል ነበር፣ በይፋም ተነግሯል፤ የእትሙን ቁጥር ያልጻፈ ተመራማሪ ግን የገዛ ውጤቱን መድገም ያቅተዋል። በዚያው ዓመት የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኬሚስቶች ዘንድ በሰፊው ያገለግል የነበረ አንድ የፓይተን ስክሪፕት በተለያዩ ኮምፒዩተሮች የተለያየ መልስ እንደሚሰጥ ደረሱበት። ስክሪፕቱ ፋይሎቹ በስም ተደርድረው ይመጡልኛል ብሎ ያምን ነበር፤ አንዳንዱ የኮምፒዩተር ሥርዓት ግን አይደረድራቸውም። ከመቶ በላይ የታተሙ ጽሑፎች ላይ ጥርጣሬ ወደቀ። ስሕተቱ ሊገኝ የቻለው ኮዱ ከጽሑፉ ጋር ታትሞ ስለነበረ ነው፤ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ማንም አያውቀውም ነበር።

እውነተኛው ዋጋ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሰርቨሩን የሚያድስ፣ መጠባበቂያ ቅጂውን የሚፈትሽ፣ አዲስ ተማሪን የሚያሠለጥን ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ለአንድ ጎበዝ የዶክትሬት ተማሪ ሰጥቶ እርሱ ሲመረቅ ሥርዓቱ አብሮት እንዲመረቅ ማድረግ የተለመደ ነው። የትምህርት ክፍሎች ለማይክሮስኮፕ ጥገና በጀት እንደሚይዙ ሁሉ ለዳታ ባለሙያ የሥራ መደብ ሊይዙ ይገባል፤ አለዚያ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ወሬ ነው።

ጥያቄና መልስ

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ ዶክተር። እኛ የታካሚ ደም ነው የምንሠራበት። ሶፍትዌሩ ክፍት ከሆነ ምስጢሩስ?

መልስ፦ ጥሩ አድርገው አነሡት፤ ብዙ ሰው ይህን ያደባልቃል። ክፍት የሆነው የሶፍትዌሩ ኮድ ነው፤ በውስጡ የሚቀመጠው ዳታ ሊቆለፍ ይችላል፣ የእርስዎ ደግሞ መቆለፍ አለበት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና ዳታ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። የታካሚው ስምና የናሙናው ቁጥር የሚገናኙበት ሠንጠረዥ ለብቻው፣ ተመስጥሮ፣ ቢበዛ ሁለት ሰዎች እጅ ይሁን፤ ቀሪው ላቦራቶሪ በቁጥር ብቻ ይሥራ። የዕፅዋትና የደቂቅ አካላት ናሙናም ቢሆን ዳታውን ከአገር ውጭ ከማካፈል በፊት ስለ ጄኔቲክ ሀብት የወጣውን አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማየት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል የከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ ፖሊሲው እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል። ሁለቱን ማስማማት የሚቻለው የትኛው ዓምድ ለማን እንደሚከፈት ከመጀመሪያው ተለይቶ ሲጻፍ ነው።

ጠያቂ፦ እኔ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። መብራት ይጠፋል፤ ኢንተርኔትም አይታመንም። በዚህ ሁኔታ የኤሌክትሮኒክ ደብተር ይሆናል ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወረቀትን ጠላት አናድርገው። የወረቀት ደብተር ባትሪ አያልቅበትም። የናሙናው ቁጥር በገጹ ላይ እስካለ ድረስ ገጹን በስልክ አንሥቶ ማታ ከመዝገቡ ጋር ማያያዝ ይቻላል። የጠቀስኋቸው ሥርዓቶች በላቦራቶሪው ውስጥ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ተጭነው ያለ ኢንተርኔት፣ በውስጥ መስመር ብቻ ይሠራሉ፤ ያንን ኮምፒዩተር ከዩፒኤስ ጋር ማገናኘት ግን ግዴታ ነው። ለመስክ ሥራ ኮቦ ቱልቦክስን እመክራለሁ፤ በስልክ ላይ ያለ ኔትወርክ ይሞላል፣ ከተማ ሲገቡ ይልካል፣ የቦታውንም መጋጠሚያ ራሱ ይመዘግባል።

ጠያቂ፦ የሦስተኛ ዓመት የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ዳታዬ በአርባ ያህል የኤክሴል ፋይሎች ተበትኗል፤ አንዳንዱ «የመጨረሻ»፣ አንዳንዱ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚል ስም አለው። ከየት ልጀምር? (ሳቅ)

መልስ፦ አይሳቁባት፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚል ፋይል የሌለው ሰው እጁን ያውጣ። እኅቴ፣ መጀመሪያ ምንም አታስተካክዪ። አርባዎቹንም እንዳሉ «ጥሬ» ወደሚል አንድ አቃፊ ገልብጪና እንዳይጻፍባቸው ቆልፊያቸው። የእያንዳንዱን ፋይል የሻ-256 አሻራ አውጥተሽ በአንድ ጽሑፍ ፋይል አስቀምጪ፤ ከአርባዎቹ ስንቶቹ አንድ ዓይነት ቅጂ እንደሆኑ በዚያው ቅጽበት ይታወቃል። አቃፊውን ሦስት ቦታ ቅጂ፤ አንዱ ከዚህ ግቢ ውጭ ይሁን፣ ፍላሽ ላይ ብቻ ያለው ደግሞ አይቆጠርም። ከዚያ የላቦራቶሪ ደብተርሽን ይዘሽ ፍሪዘሩ ጋ ሂጂ፤ በሣጥኑ ውስጥ በእርግጥ ያሉትን ቱቦዎች አንድ በአንድ እያየሽ የናሙናዎቹን ሠንጠረዥ በአዲስ ጻፊ። ወደ ኤክሴሎቹ የምትመለሺው ያ ሠንጠረዥ ካለቀ በኋላ ነው፤ በየፋይሉ ያለው ቁጥር በፍሪዘሩ ካለ ቱቦ ጋር ይገናኝ እንደሆነ አንድ በአንድ ትጠይቂዋለሽ። የማይገናኘውን አትሰርዢው፤ «ናሙናው አልተገኘም» ብለሽ ጻፊበት። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጅብሻል፤ አማካሪሽ ከጠየቁሽ ውጤት እየጻፍሁ ነው በያቸው።